ለልጅዎ ልዩ ትምህርት እንዴት ያስከብራሉ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የደረጃ በደረጃ መመሪያ

«ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ይዘገያል።» «አጎቱም እንዲሁ ነበር።» «ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፤ ይተወዋል።» ልጁ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ሲቀር ያየ ወላጅ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ «እስቲ ትንሽ እንየው» ይላል። በማጽናኛና በቀጠሮ መሃል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያልፋል።

በአሜሪካ የአካል ጉዳት ወይም የእድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ለእሱ በሚስማማ መንገድ በነፃ የመማር መብቱ በፌዴራል ሕግ የተደነገገ ነው። ሕጉ የወጣው በ1975 ነው፤ በ1990 አይዲኢኤ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያገኘ ሲሆን በ2004 ተሻሽሏል። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጆይና ነህምያ ባሉ የኦቲዝም ማዕከላት ለልጁ ቦታ ሲፈልግ የነበረ ወላጅ እንዲህ ያለውን አገልግሎት የበጎ ሰዎች ችሮታ አድርጎ ለምዶታል። ስለዚህ እዚህም መጥቶ የሰጡትን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። መምህሩን «ይህ አልበቃኝም» ማለት ነውር ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚፈልጉትን ሁሉ ቀን ባለው ጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በዚህ ሥርዓት ውስጥ በኮሪደር የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። የቀን ቆጠራው የሚጀምረው፣ ትምህርት ቤቱም ለመመለስ የሚገደደው ወረቀት ሲደርሰው ነው።

1. ያዩትን ከነቀኑ ይጻፉ

ደብተር ይያዙ፤ ካልተመቸዎ የስልክዎ ማስታወሻ ይበቃል። «ልጄ እንደ ልጆቹ አይደለም» የሚል ስሜት ማንንም አያስረዳም። የሚያስረዳው ዝርዝር ነው፦ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ በ3 ዓመቱ ሁለት ቃል አያያይዝም፤ ክፍል ጓደኞቹ በ20 ደቂቃ የሚጨርሱት የቤት ሥራ እሱን ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በልቅሶ ያልቃል።

አንድ ነገር ከሌላው አብልጠው ይመዝግቡ፤ ልጁ በአማርኛም ይቸገራል ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ? ተረት ሲነግሩት መልሶ በቅደም ተከተል ይነግርዎታል? ሦስት ነገር አምጣ ሲሉት ስንቱን ያመጣል? ይህን በቤትዎ ካላዩት በቀር ትምህርት ቤቱ ሊያውቀው አይችልም። በኋላ እንደምናየው ጉዳዩን የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የሪፖርት ካርዶችን፣ የመምህራን ኢሜይሎችን፣ የሐኪም ወረቀቶችን በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። ልጁ ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጣ ከሆነ የሕክምና ካርዱንና የትምህርት ውጤቱን ያስልኩ። ወረቀቱ እስኪደርስ ግን አይጠብቁ፤ ትምህርት ቤት ልጁን እንዲመዝን የሐኪም ምርመራ ውጤት መያዝ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ሁለት ቋንቋ መናገር ኦቲዝምም ሆነ የንግግር መዘግየት አያመጣም። «ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አይቀበሉት፤ ከልጁ የሚቀነሰው ከአያቱና ከእናቱ ጋር የሚያወራበት አፍ ነው። ጸበሉንም ያጠጡት፣ ጸሎቱም ይደረግለት፤ ደብዳቤው ግን በዚያው ሳምንት ይጻፍ።

2. በየትኛው በር እንደሚገቡ ይለዩ

ልጅዎ 3 ዓመት ካልሞላው የሚሄዱት ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ስቴቱ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። በሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል፤ የሐኪም ማዘዣ አያስፈልግም። ምዘናው ነፃ ነው። ጥያቄዎ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ተመዝኖ፣ ብቁ ከሆነ ለቤተሰቡ እቅድ የሚወጣበት ስብሰባ መደረግ አለበት።

ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ኃላፊነቱ የሚኖሩበት አካባቢ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ልጁ ገና ኪንደርጋርተን ባይገባም፣ እርስዎ ቤት ይዘውት ቢውሉም ያው ነው፤ በግል ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ደግሞ ግዴታው የግል ትምህርት ቤቱ ያለበት አካባቢ ሥርዓት ነው፤ እንዲህ ያሉትን ልጆች ፈልጎ የማግኘትና የመመዘን ግዴታ አለበት። ቻርተር ትምህርት ቤቶችም የሕዝብ ስለሆኑ ሕጉ ይመለከታቸዋል።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያስፈራዎት ከሆነ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ፕላይለር እና ዶ በተባለው ጉዳይ ልጆች የኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምንም ይሁን ምን በሕዝብ ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዳላቸው ወስኗል። ልዩ ትምህርትም የዚያ ትምህርት አካል ነው።

3. ጥያቄውን በደብዳቤ ያስገቡ

ለመምህርቷ በር ላይ «እባክሽ ልጄን እዪልኝ» ማለት ደግ ነው፤ ግን ጥያቄ አይባልም። የሚከተለውን ዓይነት አጭር ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩና ለልዩ ትምህርት አስተባባሪው በኢሜይል ይላኩ፦

«እኔ የ2ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእገሌ እናት ነኝ። ልጄ ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ በአይዲኢኤ ሕግ መሠረት ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። የሚያሳስቡኝ ነገሮች፦ ያነበበውን አጭር ታሪክ መልሶ መናገር አይችልም፤ በአማርኛም ሲያወራ ቃላት ይጠፉበታል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ በአንድ ሥራ ላይ አይቆይም። በንባብ፣ በንግግርና በቋንቋ፣ በትኩረትና በባህርይ በኩል እንዲመዘን እፈልጋለሁ። የምናገረው ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ለስብሰባዎች አስተርጓሚ፣ ለሰነዶችም ትርጉም እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»

በእንግሊዝኛ የሚጽፍልዎ ሰው ካለ ነገሩ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ከሌለ በአማርኛ ጽፈው ይላኩት። በእጅ የሚሰጡ ከሆነ በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን እንዲጽፍ ያድርጉ።

ይህ ደብዳቤ ብዙ ወላጆች የማያውቁት ሌላ ጥቅምም አለው። ገና ያልተመዘነ ልጅ በጠባይ ምክንያት ከትምህርት ቤት ሊታገድ ቢሆን፣ ወላጁ አስቀድሞ ሥጋቱን በጽሑፍ አሳውቆ ወይም ምዘና ጠይቆ ከነበረ ልጁ በልዩ ትምህርት ሕግ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል።

4. ቀን ይቁጠሩ

በፌዴራል ሕጉ መሠረት፣ ስቴቱ የራሱን ጊዜ ካላወጣ በቀር፣ ወላጁ ለምዘና ፈቃዱን ፈርሞ ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ምዘናው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ሜሪላንድ ከፊርማው 60 ቀን፣ ከጽሑፍ ጥያቄው ደግሞ 90 ቀን ትላለች። ቨርጂኒያ ጥያቄው ለልዩ ትምህርት ኃላፊው ከደረሰበት ጀምሮ 65 የሥራ ቀናት ትሰጣለች። በቴክሳስ የምዘናው ሪፖርት ከፊርማው በኋላ በ45 የትምህርት ቀናት፣ በሚኒሶታ ምዘናው በ30 የትምህርት ቀናት ያልቃል። የፈረሙበትን ቀን ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ፤ ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ቢያድር ቆጠራው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ይጀምራል።

«መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ተጨማሪ እገዛ እንስጠውና እንየው» ሊሉዎት ይችላሉ። እገዛውን እሺ ይበሉ፤ ጥያቄዎን ግን አያንሱ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው ማሳሰቢያ እንዲህ ያለ የክፍል ውስጥ እገዛ ምዘናን ለማዘግየት ወይም ለመከልከል ሊውል እንደማይችል አሳውቋል።

ትምህርት ቤቱ «ምዘና አያስፈልገውም» ካለ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። በእንግሊዝኛ ፕራየር ሪትን ኖቲስ ይሉታል። በቃል እምቢ ከተባሉ በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ ምዘና አይደረግለትም ብለውኛል፤ እባክዎ ምክንያቱን በፕራየር ሪትን ኖቲስ ይላኩልኝ» ብለው ይጻፉ። ምክንያቱን በወረቀት ማስፈር ሲመጣ ብዙ እምቢታ ይላላል።

5. ምዘናው በትክክል መደረጉን ይከታተሉ

ፈቃድ የሚሰጡበት ቅጽ ሲመጣልዎ በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው ጉዳዮች ሁሉ መካተታቸውን ይመልከቱ። እርስዎ የንግግር ችግር ጽፈው ቅጹ ላይ የንባብ ፈተና ብቻ ካለ፣ የንግግር ባለሙያ ምዘና እንዲጨመር ይጠይቁ። ሕጉ ልጁ ችግር አለበት ተብሎ በተጠረጠረበት ዘርፍ ሁሉ እንዲመዘን ያዛል፤ በአንድ ፈተና ብቻ መወሰንን ይከለክላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቋንቋ ጥያቄ ነው። ምዘናው በዘርና በባህል አድሏዊ ሳይሆን፣ ልጁ የሚያውቀውን በትክክል ሊያሳይ በሚችልበት ቋንቋ መሰጠት አለበት። አማርኛ የሚቀናውን ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትኖ ውጤቱን የአእምሮ ልኬት ማድረግ ስሕተት ነው። ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ «እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ይስተካከላል» ብሎ ዓመት ከዓመት ማሳደር። በሕጉ መሠረት ለልጁ ችግር ዋናው ምክንያት የእንግሊዝኛ ማነስ ብቻ ከሆነ ልዩ ትምህርት አይሰጠውም። ስለዚህ መዛኞቹ ሁለቱን መለየት አለባቸው፤ ለመለየት የሚረዳቸውም የእርስዎ ደብተር ነው። በአማርኛም ተረቱን መልሶ መናገር ያቃተው ልጅ ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ልዩ ትምህርትም ማግኘት ይችላል። «ከሁለቱ አንዱን ምረጡ» የሚል ነገር የለም።

ለምዘና መፈረም ለአገልግሎት መፈረም አይደለም። ምዘናው አልቆ ውጤቱን አይተው፣ አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ውጤቱን ግን ከስብሰባው በፊት እጅዎ ያስገቡ። ሜሪላንድ ውስጥ ሪፖርቶቹና የእቅዱ ረቂቅ ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀናት በፊት ሊደርሱዎ ይገባል፤ በሌሎች ስቴቶችም አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። በውጤቱ ካልተስማሙ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ገለልተኛ ባለሙያ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲመዝነው መጠየቅ ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ ያለው ምርጫ ወይ መክፈል፣ ወይ የራሱ ምዘና ትክክል መሆኑን ለማሳየት ራሱ ክስ መክፈት ነው።

6. አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መጥቶም ይከታተሉት

እንግሊዝኛ ለሥራና ለገበያ የሚበቃው ሰውም በዚህ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሥነ ልቦና ውጤት፣ የንግግር ቴራፒ፣ የሕግ ቃላት ይዥጎደጎዳሉ። ትምህርት ቤቱ ወላጁ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ክፍያ የለውም። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል።

የልጁን ታላቅ እህት አስተርጓሚ አያድርጉ። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የአእምሮ እድገት የሚባለውን ሰምታ ለእናቷ መንገር የለባትም፤ ደግሞም የከበዳትን ትዘላለች። ትምህርት ቤቶችም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ተማሪዎችንና ቤተሰብን እንዳይጠቀሙ በ2015 በፌዴራል መንግሥት ተመክረው ነበር።

አስተርጓሚው ከመጣ በኋላ ጆሮዎን ይስጡ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አራት ደቂቃ ተናግራ አስተርጓሚው «ደህና ነው፣ እየሞከረ ነው ይላሉ» ብሎ ካሳጠረው፣ እጅዎን ያንሡና «ያለችውን ሁሉ እፈልጋለሁ፤ እባክዎ ቀስ ብላ ትድገመው» ይበሉ። በስልክ መስመር የሚያስተረጉም ከሆነና ድምፁ ከተቆራረጠ ስብሰባው በሌላ ቀን እንዲደረግ መጠየቅ ይችላሉ። በሜሪላንድ ቋንቋዎ በካውንቲው ከ1 በመቶ በላይ የሆኑ ተማሪዎች የሚናገሩት ከሆነ የጸደቀውን እቅድ የጽሑፍ ትርጉም ጠይቀው በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት ይችላሉ።

7. ብቁነቱ ሲወሰን

ልጁ ልዩ ትምህርት የሚያገኘው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛው ሕጉ ከዘረዘራቸው 13 ዓይነት ጉዳቶች በአንዱ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ኦቲዝም፣ የንግግርና የቋንቋ ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ የመስማትና የማየት ጉዳት፣ የመማር ችግር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር አብዛኛውን ጊዜ «ሌላ የጤና ችግር» በሚለው ሥር ይገባል። ሁለተኛው በዚሁ ምክንያት ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ጥሩ ውጤት የሚያመጣ ልጅ በውጤቱ ብቻ ብቁ አይደለም አይባልም።

ብቁ አይደለም ቢባል ሌላ በር አለ፤ በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ ክፍል 504። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ የመድኃኒት ሰዓት የመሳሰሉትን ማመቻቸቶች ያስገኛል። ነገር ግን ልጁ ልዩ አስተማሪና ቴራፒ የሚፈልግ ከሆነ 504ን እንደ ማባበያ አይቀበሉት።

«ስሙ ይጠፋል፣ ኮሌጅ ይከለከላል» ብለው የሚሠጉ ወላጆች አሉ። የልጁ የልዩ ትምህርት ሰነድ ምስጢር ነው፤ ሕጉ ለይቶ ከፈቀዳቸው ሁኔታዎች በቀር ያለ እርስዎ ፈቃድ ለሌላ አይሰጥም። ለኮሌጅ በሚላከው ትራንስክሪፕት ላይም ጉዳት እንዳለበት አይጻፍም።

8. አይኢፒ የሚባለውን እቅድ መስመር በመስመር ያንብቡ

ብቁ በተባለ በ30 ቀን ውስጥ አይኢፒ የሚወጣበት ስብሰባ ይደረጋል። አይኢፒ የልጁ የግል የትምህርት እቅድ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ የክፍል መምህሩ፣ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የምዘናውን ውጤት የሚያስረዳ ባለሙያ፣ እና በጀት መፍቀድ የሚችል የትምህርት ቤቱ ተወካይ ይቀመጣሉ። እርስዎ እንግዳ አይደሉም፤ በሕጉ የቡድኑ እኩል አባል ነዎት። ልጁን የሚያውቅ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሃይማኖት አባት ይዘው መግባት ይችላሉ። ብቻዎን አይግቡ፤ አንድ ሰው ማስታወሻ ይያዝልዎ።

ግቦቹን ሲያነቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ መድረሱ በምን ይታወቃል? «ተማሪው የንባብ ችሎታውን ያሻሽላል» የሚል ግብ ግብ አይደለም። ደህናው እንዲህ ይላል፦ «አሁን በደቂቃ 35 ቃል የሚያነበው ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ወር ለክፍሉ በሚመጥን ጽሑፍ በደቂቃ 70 ቃል በትክክል ያነባል፤ በየሁለት ሳምንቱ በልዩ ትምህርት መምህሩ ይለካል።» የት እንዳለ፣ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚለካው ሦስቱም አሉበት።

የአገልግሎቱን ሠንጠረዥም እንዲሁ ይመርምሩ። «ስፒች ቴራፒ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ቃል ባዶ ነው። «በሳምንት 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ፣ ከሦስት በማይበልጡ ልጆች ቡድን» ከተባለ ግን መቁጠር ይቻላል። ልጁ የሚፈልገው ከሆነ ትራንስፖርት፣ የእጅ ሥራ ቅልጥፍና ቴራፒ፣ የምክር አገልግሎት እዚሁ ይገባሉ። በበጋ እረፍት የተማረውን የሚረሳና ለመመለስ ወራት የሚፈጅበት ከሆነ በእረፍቱም የሚቀጥል አገልግሎት ይጠይቁ።

ልጁ የት እንደሚማርም ይወሰናል። ሕጉ በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲማር ያዛል፤ ለብቻ ክፍል መውጣት ያለበት በእገዛም ቢሆን በመደበኛው ክፍል ሊሳካ ካልቻለ ነው። ስንት ሰዓት ከክፍሉ እንደሚወጣ፣ ለምን እንደሚወጣ ተጽፎ ይዩት።

«ከዚህ በላይ መስጠት አንችልም» ሲሉዎት የ2017ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያስታውሱ። እንድሩ ኤፍ በተባለ የኮሎራዶ ተማሪ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ እቅዱ ለስሙ ያህል የሆነ ለውጥ ማምጣቱ እንደማይበቃ፣ ከልጁ ሁኔታ ጋር የሚመጣጠን እድገት እንዲያገኝ ታስቦ መዘጋጀት እንዳለበት ወስኗል።

ፊርማ ላይ ይጠንቀቁ። መጀመሪያ የሚዞረው ወረቀት ብዙ ጊዜ የተገኙ ሰዎች መመዝገቢያ ነው፤ እሱን መፈረም መስማማት አይደለም። የመጀመሪያው አይኢፒ ግን ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀምርም። በዚያው ቀን ፈርሙ ቢሉዎት «ቤት ወስጄ አስነብቤ እመልሳለሁ» ማለት ነውር የለውም። በከፊል ከተስማሙ የተስማሙበትን ለይተው ይጻፉ፤ «ስፒች ቴራፒው ይጀመር፤ በንባብ ሰዓቱ ማነስ አልተስማማሁም» ይበሉ። አንዳንድ ስቴቶች ከመጀመሪያው እቅድ በኋላ የሚመጡትን አብዛኞቹን ለውጦች ያለ ወላጅ ፊርማ ሥራ ላይ ማዋል ይፈቅዳሉ። እዚያ «እሺ» ሳይሉ ዝም ማለትዎ ራሱ መስማማት ሆኖ ያልፋል።

9. እቅዱ መሠራቱን ይከታተሉ

በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ አይኢፒ መሳቢያ ውስጥ ሊያድር ይችላል። ልጅዎ ከስፒች መምህሯ ጋር መቼ መቼ እንደሚገናኝ ይወቁ። መምህሯ ለሁለት ወር ከሌለችና ምትክ ካልመጣ፣ የቀሩት ሰዓቶች እንዴት እንደሚካካሱ በጽሑፍ ይጠይቁ። የእድገት ሪፖርት በእቅዱ በተወሰነው ጊዜ ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሪፖርት ካርድ ጋር ነው። ሦስት ሪፖርት ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ካዩ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። አይኢፒው በዓመት አንድ ጊዜ መከለሱ፣ ልጁም ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ እንደገና መመዘኑ ግዴታ ነው፤ ስብሰባ ግን በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ።

ልጁ በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ከታገደ፣ ወይም በዓመቱ ውስጥ የተደጋገሙ ተመሳሳይ እገዳዎች ተደምረው ከ10 ቀን ካለፉ፣ ያጠፋው ጥፋት ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑ በስብሰባ መታየት አለበት። «ኑ ውሰዱት» እየተባሉ በየጊዜው ከሥራ የሚጠሩ ከሆነ እነዚያን ቀናት ይመዝግቡ፤ እገዳ ተብለው ባይጻፉም ሊቆጠሩ ይችላሉ።

10. ካልተስማሙ

መጀመሪያ ሌላ ስብሰባ ይጠይቁ። ካልሆነ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሽምግልና ነው፤ ገለልተኛ ገላጋይ በስቴቱ ወጪ ይመደባል፣ ሁለቱም ወገን ከፈቀደ ይደረጋል። ሁለተኛው ለስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ የጽሑፍ አቤቱታ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልገውም፣ የሕግ ጥሰቱ በተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ በ60 ቀን ውስጥ ይወሰናል። እንደ «የተጻፈው ቴራፒ አልተሰጠም»፣ «ቀኑ አልፏል»፣ «አስተርጓሚ ተከለከልኩ» ላሉ ግልጽ ጉዳዮች ይህ መንገድ ይቀላል። ሦስተኛው በችሎት ፊት የሚታየው ዱ ፕሮሰስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ገደብ አለው፣ ከባድም ስለሆነ ያለ ጠበቃ ባይገቡበት ይሻላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ በነበረበት ክፍልና አገልግሎት ይቆያል።

ለምን ስለ ወረቀት ይህን ያህል እንደተባለ እዚህ ላይ ይታያል። በ2005 ከሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ካውንቲ፣ የተነሣ ሻፈር እና ዊስት የተባለ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ነው አለ። ከሳሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው። ስለዚህ የኢሜይል ቅጂዎች፣ የተመዘገቡ ቀኖች፣ የተላኩ ጥያቄዎች ማስረጃዎ ናቸው።

ነፃ እገዛም አለ። በእያንዳንዱ ስቴት በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከል አለ። በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ፣ በቨርጂኒያ ፒትክ፣ በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤዱኬሽን፣ በሚኒሶታ ፔሰር ሴንተር፣ በዋሽንግተን ስቴት ፔቭ ይባላሉ። ከስብሰባው በፊት ደውለው ወረቀቱን አብረዎት እንዲያዩት ይጠይቁ።

11. ከ16 ዓመት በኋላ ያለውን አሁን ያስቡ

ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው የሚጸናው አይኢፒ፣ በአንዳንድ ስቴቶች ደግሞ በ14 ዓመቱ፣ ከትምህርት በኋላ ስላለው ሥራ፣ ሥልጠናና ኑሮ እቅድ ሊኖረው ይገባል። በአብዛኞቹ ስቴቶች 18 ሲሞላው የመፈረም መብቱ ከእርስዎ ወደ እሱ ይሻገራል፤ በራሱ መወሰን የማይችል ከሆነ ከዚያ በፊት ስለ ሞግዚትነትና ስለ ሌሎቹ አማራጮች የሕግ ምክር ያግኙ።

አገልግሎቱ በአብዛኞቹ ስቴቶች እስከ 21 ወይም 22 ዓመት ድረስ ይቀጥላል። የሚያቋርጠው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ መቀበልም ያቋርጠዋል። ልጅዎ ገና የሥራ ሥልጠና፣ በአውቶቡስ ብቻውን የመሄድ ልምምድ የሚያስፈልገው ከሆነ በ18 ዓመቱ ይመረቅ ወይስ ይቆይ የሚለውን ከድግሱ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀደም ብለው በአይኢፒ ስብሰባ ላይ ያንሡት። ፎቶው ከተነሣና ዲፕሎማው ከተሰጠ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱን መልሶ መጠየቅ አይቻልም።